ቬት ልግባ ወይስ ይቅርብኝ? ከጣና ዙሪያ ልጆችና ወላጆች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቶ የዩኒቨርሲቲ ምደባ ሲቃረብ ስለ ቬት፣ ማለትም ስለ እንስሳት ሕክምና ትምህርት የሚደርሱኝ ጥያቄዎች ከዓመት ዓመት አይለወጡም። ጠያቂዎቹ የባሕር ዳር፣ የዘጌ፣ የሐሙሲት፣ የወረታና የመርዓዊ ልጆች ናቸው፤ አንዳንዴም ወላጆቻቸው ራሳቸው ይደውላሉ። እኔ በጣና ዙሪያ የምሠራ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፤ የምመልሰውም እዚሁ ከማየው ተነስቼ ነው። የምዝገባ ቀን፣ የመቁረጫ ነጥብና የመሳሰለው በየዓመቱ ስለሚቀያየር እሱን ከትምህርት ሚኒስቴርና ከየዩኒቨርሲቲው ማስታወቂያ ላይ እዩ። እኔ ማስታወቂያ ላይ የማይጻፈውን ልንገራችሁ።

ቬት ማለት ውሻና ድመት ማከም ነው አይደል?

አይደለም። ፊልም ላይ ያያችኋትን፣ ነጭ ጋዋን ለብሳ ድመት ያቀፈችውን ሐኪም ለጊዜው እርሷት። ኢትዮጵያ ወደ 70 ሚሊዮን የሚጠጋ የቀንድ ከብት ያላት አገር ናት፤ በጉ፣ ፍየሉ፣ አህያው፣ ግመሉና ዶሮው ሳይቆጠር። ስለዚህ ትምህርቱም ሥራውም የሚያጠነጥነው በዋናነት ላምና በሬ ላይ ነው። ጠዋት ክሊኒክ ስትከፍቱ በር ላይ የሚጠብቃችሁ "በሬዬ ከትናንት ጀምሮ አያመሰኳም" የሚል የደራ ገበሬ ነው፤ ከሱ ቀጥሎ ጭነት ጀርባዋን የላጣት አህያ፣ ከዚያ ደግሞ ፈንግል ገብቶ ዶሮዎቹን የጨረሰበት ወጣት። ውሻም ይመጣል፤ ብዙውን ጊዜ ግን ለእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ነው የሚመጣው።

ደግሞ አንድ ነገር ከአሁኑ እወቁ። ታማሚያችሁ አይናገርም። የሚናገረው ባለቤቱ ነው፣ እሱም የሚነግራችሁ የመረጠውን ያህል ነው። ከገበያ ገዝቶ ራሱ መርፌ እንደወጋት፣ ጎረቤት ያመጣውን መድኃኒት እንዳጠጣት፣ ላሟ ከታመመች ሳምንት እንዳለፋት ወዲያው አይናገርም፤ እንዳትቆጡት ይፈራል ወይም ነገሩ ከቁም ነገር አልገባለትም። "እንስሳ ስለምወድ ቬት እገባለሁ" የሚሉኝ ልጆች ብዙ ናቸው። ጥሩ ነው። ግን "ሰው ማዋራት ትችላለህ ወይ?" ብዬ የምጠይቀው በዚህ ምክንያት ነው።

እንስሳት ሳይንስና እንስሳት ሕክምና አንድ አይደሉም እንዴ?

አይደሉም። እንስሳት ሳይንስ ስለ እርባታ፣ መኖ፣ ዝርያ ማሻሻልና ምርት ነው። ቬት ስለ በሽታ፣ ምርመራ፣ ሕክምና፣ ቀዶ ጥገናና የሥጋ ምርመራ ነው። ሁለቱ አንድ ግቢ ውስጥ፣ አንዳንዴም አንድ ትምህርት ቤት ሥር ስለሚሆኑ ፎርም ሲሞሉ የሚያደባልቋቸው አሉ። ሞልታችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ስሙን ሁለቴ አንብቡት።

ለመግባት ምን ያስፈልጋል?

መጀመሪያ የተፈጥሮ ሳይንስ ተማሪ መሆን። ከዚያ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ላይ ማለፊያውን፣ ማለትም 50 በመቶውን ማምጣት። ከዚያ በታች የሆነና ሬሜዲያል (የማካካሻ ትምህርት) የተፈቀደለት ልጅ እሱን አልፎ ይገባል። ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲ የሚመድባችሁ ትምህርት ሚኒስቴር ነው፤ እናንተ ምርጫ ትሞላላችሁ እንጂ ግቢ ሄዳችሁ "ቬት ስጡኝ" አትሉም።

ገብታችሁም ወዲያው ቬት አይደላችሁም። የመጀመሪያው ዓመት ፍሬሽማን ነው፤ ሒሳብ፣ ፊዚክስ፣ እንግሊዝኛ፣ ሳይኮሎጂ፣ ሎጂክና የመሳሰለውን ከሌላው ተማሪ ጋር ትማራላችሁ። ዲፓርትመንት የሚመረጠው ከዚያ በኋላ ነው፣ የሚወስነውም ውጤታችሁ ነው። ብዙ ልጆች የሚሸወዱት እዚህ ጋ ነው። የ12ኛ ክፍል ውጤቱ ጥሩ ስለነበር ፍሬሽማን ላይ ይዝናናል፣ በመጨረሻ ጂፒኤው (አማካይ ውጤቱ) ወርዶ የፈለገው ሳይሆን የተረፈው ይደርሰዋል። ቬት የሚመደበው ከጤና ጋር ይሁን ከሌላው የተፈጥሮ ሳይንስ ጋር ደግሞ በየግቢው ሊለያይ ስለሚችል ገና በመጀመሪያው ሴሚስተር ሬጅስትራር ሄዳችሁ ጠይቁ። በኋላ "አልሰማሁም ነበር" ብትሉ ማንም አይሰማችሁም።

ባሕር ዳር፣ ጎንደር ወይስ ቢሾፍቱ?

በጣም የሚጠየቅ ጥያቄ ነው፣ ትንሽ ሰፋ አድርጌ ልመልሰው።

ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ግብርናና አካባቢ ሳይንስ ኮሌጅ የሚገኘው ዘንዘልማ ግቢ ነው፤ ዓባይን ተሻግራችሁ በጎንደር መንገድ ወጣ ስትሉ። የእንስሳት ሳይንስና ቬተሪነሪ ሕክምና ትምህርት ቤት እዚያ ነው። ከከተማው ወጣ ያለ በመሆኑ "ባሕር ዳር ገባሁ" ብሎ የሐይቁን ዳር እያሰበ የሚመጣ ልጅ የመጀመሪያ ሳምንት ላይ ይከፋዋል። ለትምህርቱ ግን ይሄ ጥቅም ነው። ከግቢው አጥር ውጭ ከብት አለ፣ ገበሬ አለ፣ የግጦሽ መሬት አለ። ከተማው ውስጥ የእንስሳት በሽታ ምርመራ ላቦራቶሪ አለ፤ በጢስ ዓባይ መንገድ 22 ኪሎ ሜትር ያህል ሲኬድ ደግሞ የአንዳሳ እንስሳት ምርምር ማዕከል ይገኛል፣ የፎገራን የከብት ዝርያ ይዞ ከ1956 ዓ.ም ጀምሮ ያለ ማዕከል ነው።

ጎንደር ዩኒቨርሲቲ የቬተሪነሪ ሕክምናና እንስሳት ሳይንስ ኮሌጅ አለው፤ እዚያ ቬት ራሱን ችሎ ኮሌጅ መሆኑ ትልቅ ነገር ነው። ወሎ ዩኒቨርሲቲም ደሴ ላይ የቬተሪነሪ ሕክምና ትምህርት ቤት አለው።

ቢሾፍቱ ያለው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ነው፣ የአገሪቱ የመጀመሪያው የቬት ትምህርት ቤትም እሱ ነው። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ነው የተከፈተው። ብሔራዊ የእንስሳት ክትባት ማምረቻውም፣ የአፍሪካ ኅብረት የክትባት ጥራት ማረጋገጫ ማዕከል የሆነው ፓንቫክም እዚያው ቢሾፍቱ ስለሆኑ ለልምምድ አመቺ ከተማ ነው። ልዩነቱ፣ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ራስ ገዝ ከሆነ ወዲህ የራሱን የመግቢያ ፈተና የሚሰጥ መሆኑ ነው፤ ስለዚህ እዚያ የምትፈልጉ ልጆች ምደባ እስኪወጣ ቁጭ ብላችሁ አትጠብቁ፣ የማመልከቻ ጊዜው ያልፋችኋል።

የቱ ይሻላል? እኔ ሲጠይቁኝ የምመልሰው እንዲህ ነው፦ ስሙን ትታችሁ ክሊኒኩን ጠይቁ። በሳምንት ስንት ቀን ይሠራል? እንስሳ ይመጣለታል ወይ? አምስተኛ ዓመት ተማሪ በእጁ ይነካል ወይስ ከኋላ ቆሞ ያያል? እዚያ የሚማር አንድ ልጅ ፈልጋችሁ ይህን ብትጠይቁት ከየትኛውም ብሮሹር የበለጠ ትሰማላችሁ።

"ዶክተር" እባላለሁ?

የተመረቃችሁት በቬተሪነሪ ሕክምና ዶክትሬት፣ በአጭሩ ዲቪኤም በሚባለው ከሆነ አዎ። ግን በቬተሪነሪ ሳይንስ የመጀመሪያ ዲግሪ የሚሰጥ ፕሮግራምም አለ፣ ያ ሌላ ነው። የደረሳችሁ ፕሮግራም በየትኛው ስም እንደሚያስመርቅ በግልጽ ጠይቁ፤ ቆይታውም የሥራ መደቡም ይለያያል።

ለዶክተርነቱ ብቻ ከሆነ ግን ይቅርባችሁ። ገበሬው "ዶክተር" ብሎ ይጠራችኋል፣ ደስ ይላል፣ ከዚያ በኋላ ግን እስከ ትከሻችሁ ድረስ እጃችሁን ላም ውስጥ ማስገባት አለባችሁ።

ስንት ዓመት ነው? ምን ምን እንማራለን?

እንደ ሥርዓተ ትምህርቱ አምስት ወይም ስድስት ዓመት። የዕድሜ እኩዮቻችሁ ተመርቀው ፎቶ ሲለጥፉ እናንተ ገና ፓቶሎጂ (የበሽታ ጥናት) እያጠናችሁ ነው፣ ይህን ከአሁኑ ዋጡት።

መጀመሪያ ላይ አናቶሚ አለ። ፎርማሊን (እንዳይበሰብስ የሚደረግበት ኬሚካል) የጠጣ የእንስሳ ሬሳ ዙሪያ ቆማችሁ ጡንቻና ነርቭ ትለያላችሁ፤ ሽታው ዓይን ያስለቅሳል፣ ጋዋናችሁ ላይም ይቀራል፣ ዶርም ያሉ ልጆች በሩ ላይ እንድትሰቅሉት ይለምኗችኋል። ለበዓል እናታችሁ ስታጥብ ያያችኋቸው ጨጓራና ሽንፍላ እዚህ ስምም ሥራም አላቸው፤ የላም ሆድ አራት ክፍል ነው፣ የፈረስ አንድ ነው፣ በዚህ ልዩነት ብቻ አንዱን የሚያድን መድኃኒት ሌላውን ሊጎዳ ይችላል። የሰው ሐኪም አንድ ፍጡር ይማራል። እናንተ ላም፣ በግ፣ ፈረስ፣ ዶሮ፣ ውሻ፣ ግመል ትማራላችሁ፣ ፈተናውም ሁሉንም ይጠይቃል።

ከዚያ ፊዚዮሎጂ (የአካል አሠራር)፣ ማይክሮባዮሎጂ (ረቂቅ ተሕዋስያን)፣ ፓራሲቶሎጂ (ጥገኛ ትላትልና ተውሳኮች)፣ ፋርማኮሎጂ (መድኃኒት)፣ ፓቶሎጂ፣ ኤፒዲሚዮሎጂ (የበሽታ ስርጭት) እያለ ይሄዳል። ክሊኒካል የሚባለው በኋለኞቹ ዓመታት ነው፦ የውስጥ ደዌ፣ ቀዶ ጥገና፣ ማዋለድ፣ የዶሮ በሽታ፣ የሥጋ ምርመራ። መጨረሻ ላይ የመስክ ልምምድና የመመረቂያ ጥናት አለ።

ስለ ሥጋ ምርመራው አንድ ነገር ልጨምር። ጥሬ ሥጋ ወዳጅ ከሆናችሁ ይህ ኮርስ ያጣላችኋል። ቄራ ውስጥ ቆማችሁ የጉንጭና የልብ ጡንቻ እየተቆረጠ የሩዝ ፍሬ የምታክል ነጭ ከረጢት ሲፈለግ ታያላችሁ፤ ያች ከረጢት የኮሶ ልጅ ናት፣ ጥሬውን የበላት ሰው ሆድ ውስጥ ነው የምታድገው። እኔ ቁርጥ አልተውኩም። ግን ማኅተም የሌለው ሥጋ አጠገብ አልደርስም።

የጣና ዳር ልጅ መሆን ይጠቅማል?

በጣም! እናንተ ሳታውቁት ግማሹን ፓራሲቶሎጂ እያያችሁ ነው ያደጋችሁት።

ክረምት ካለፈ በኋላ የሐይቁ ውኃ ሲሸሽ የሚቀረው ሣር አረንጓዴና ለምለም ነው፣ ከብቱ ሁሉ እዚያ ይሰማራል። የጉበት ትል የሚኖረው እዚያ ነው። እንቁላሉ ከእበት ጋር ውኃ ውስጥ ይወድቃል፣ ይፈለፈላል፣ ትንሽ ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይባዛል፣ ከዚያ ወጥቶ ሣሩ ላይ ይለጠፋል፣ ላሟ ከሣሩ ጋር ትበላዋለች። ወራት ቆይቶ ላሟ ትከሳለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ከመንጋጋዋ ሥር ውኃ ያዘለ እብጠት ይንጠለጠላል። ፎገራና ደራ ላይ ያን እብጠት አይቶ የማያውቅ እረኛ የለም ማለት ይቻላል። ቄራ ላይ ያ ጉበት ሲቆረጥ የሐሞት ቱቦዎቹ ወፍረውና ደንድነው ቢላው ሲነካቸው ይንኮሻኮሻሉ፣ ጨመቅ ሲደረጉ ጠፍጣፋ ቅጠል የመሰለ ትል ይወጣል። መምህሩ ይህን በሥዕል ሲያሳይ ሌላው ልጅ ይሸመድዳል፤ የሐሙሲት ልጅ ግን "አሃ፣ የኛ ላም!" ይላል።

ገንዲ የሚባለው የከብት የደም ጥገኛ በሽታም እንደዚሁ ነው። መጽሐፉ ገንዲ የሚተላለፈው በቆላ ዝንብ፣ በጸጼ ነው ይላችኋል። ጣና ዙሪያ ግን ጸጼ የለም፣ ገንዲ ግን አለ፤ እዚህ ያለው ዓይነት ትሪፓኖሶማ ቪቫክስ የሚባለው ሲሆን ተራ ተናካሽ ዝንቦች ደም ካንዱ ወዳንዱ እየነካኩ ያዛምቱታል። ይህን ፈተና ላይ የሚስቱ አሉ፣ እናንተ አትስቱትም።

ከብት እፈራለሁ። ደም ሳይም ያዞረኛል።

ደሙ ይለመዳል። የመጀመሪያው ቀዶ ጥገና ላይ ቁጭ የሚል ልጅ በየባቹ አለ፣ ማንም አይስቅበትም፣ ቁርስ በልታችሁ ግቡ ብቻ።

ከብት መፍራት ደግሞ ጥሩ ነው፣ የማይፈራው ነው የሚረገጠው። የላም እርግጫ ወደ ጎን ይዞራል፣ የፈረስ ወደ ኋላ ነው፣ በሬ በቀንዱ ነው የሚመጣው፤ የት እንደምትቆሙ የሚያስተምራችሁ ይኖራል። እንስሳ ማሰር፣ መጣልና መያዝ ራሱ ትምህርት ነው። የከተማ ልጆች እዚህ ላይ ገጠር ያደጉትን ይለምናሉ፣ ፍሬሽማን ላይ "ገጠሬ" ያሉት ልጅ ሦስተኛ ዓመት ላይ አስተማሪያቸው ይሆናል።

ሴት ልጅ ትችለዋለች? (ይህን የሚጠይቁት ብዙውን ጊዜ አባቶች ናቸው)

አባባ፣ ትችላለች። አራት መቶ ኪሎ የሚመዝን በሬ በጉልበት የሚያሸንፍ ወንድ ራሱ የለም፣ ሁሉም በገመድና በዘዴ ነው የሚሠራው። በግ ወይም ፍየል ስታምጥ ደግሞ ቀጭን እጅ ያላት ሐኪም ትመረጣለች፣ የኔ ዓይነት እጅ አይገባም። የሚከብዳት ሌላ ነገር ነው፦ ገጠር ለልምምድ ስትወጣ ማደሪያ ማግኘት፣ መንገዱ፣ "እውነት ሐኪሟ አንቺ ነሽ?" የሚል ገበሬ። የመጨረሻው ችግር ላሟ ስትድን ያበቃል። የፊተኞቹን ሁለቱን ግን ከግቢው ጋር አስቀድሞ መነጋገር ይገባል።

በሽታ አይጋባብንም?

ይጋባል፤ መልሱን ማለዘብ አልፈልግም። ከእንስሳ ወደ ሰው የሚተላለፉ በሽታዎች ብዙ ናቸው፣ ሁሉንም በስማቸው ትማራላችሁ። ከመስክ በፊት የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት የምታገኙበት መንገድ ካለ ውሰዱ። ውሻ ከነከሳችሁ ቁስሉን በሳሙናና በሚወርድ ውኃ አሥራ አምስት ደቂቃ እጠቡና በዚያው ቀን ጤና ጣቢያ ሂዱ፤ ምልክት እስኪታይ የሚጠብቅ ሰው ጊዜው አልፎበታል።

ላም አስወርዳ ስትጠሩ ያለ ጓንት ፅንሱንም እንግዴ ልጁንም አትንኩ፣ ብሩሴሎሲስ የሚባለው የሚያስወርድና ወደ ሰው የሚጋባ በሽታ ሊሆን ይችላል። አባ ሰንጋ ደግሞ ዋናው ነው። በድንገት የሞተ፣ ወዲያው የተነፋ፣ ከአፍንጫውና ከፊንጢጣው የማይረጋ ጥቁር ደም የሚወጣው በሬ ካያችሁ አይከፈትም፣ አይገፈፍም፣ በጥልቅ ይቀበራል። እዚህ ጋ ነው ሥራው ሕክምና ብቻ አለመሆኑን የምታውቁት። ባለቤቱ በሬው ሞቶበት "ሥጋው እንኳ አይቅርብኝ፣ ቅርጫ እናድርገው" እያለ ቢላ ይዞ ቆሟል፣ ጎረቤት ተሰብስቧል፣ እናንተ ገና የተመረቃችሁ ልጅ ናችሁ። ያን ሰው የምታሳምኑት በላቲን ስም አይደለም። የአካባቢውን ሽማግሌ ወይም ቄሱን ቶሎ ማስጠራት ከመጽሐፍ የማይገኝ፣ ግን ሰው የሚያድን ዘዴ ነው።

ወጪው ስንት ነው?

መንግሥት ዩኒቨርሲቲ ከሆነ ወጪ መጋራት ፈርማችሁ ትማራላችሁ፣ ክፍያው ከተመረቃችሁ በኋላ ነው። ዶርምና ካፌ አለ። ከኪስ የሚወጣው ለጋዋን፣ ለቱታ፣ ለቦት ጫማ፣ ለጓንት፣ ለቴርሞሜትር፣ ለኮፒና ለመመረቂያ ጥናቱ ነው። ስቴቶስኮፕ ለአራተኛ ዓመት ይደርሳል፤ ያገለገለ ከተመራቂ መግዛት ያዋጣል። ላፕቶፕ ቢኖር ጥሩ ነው፣ ባይኖር ብዙው ነገር በስልክ ይነበባል።

የመውጫ ፈተናው ያስቸግራል?

ከ2015 ዓ.ም ጀምሮ ማንም ተመራቂ ሳያልፍ ዲግሪ አይወስድም፣ ማለፊያው 50 ነው። ቬት ላይ ችግሩ የይዘቱ ስፋት ነው፤ ሁለተኛ ዓመት ላይ የተማራችሁት ፓራሲት በመጨረሻው ዓመት ይጠየቃል። ማስታወሻችሁን አትጣሉ።

ስመረቅ ሥራ አለ?

እውነቱን ልንገራችሁ። ድሮ ገና ሳይመረቁ ወረዳው ይጠብቃቸው ነበር ይባላል፤ አሁን እንደዚያ አይደለም። የወረዳ ቅጥር በበጀት ይዘገያል፣ አንድ መደብ ሲወጣ ብዙ ሰው ይሰለፋል፣ ደሞዙም ኑሮውን አይመጥንም። በዚህ ላይ በክልላችን ያለው ሁኔታ መንገድ ሲዘጋ የመስክ ሥራውንም የልምምድ ጉዞውንም እንደሚያስተጓጉል እናንተም ታውቃላችሁ።

በሌላ በኩል ግን ሥራ ፈቶ የተቀመጠ ቬት ሳይ ብዙ ጊዜ ወረዳ ብቻ የሚጠብቅ ሆኖ አገኘዋለሁ። የእንስሳት መድኃኒት ቤት አለ፣ የዶሮ እርባታ አለ፣ የወተት ላሞች ያሏቸው የከተማ ሰዎች ሌሊት ላም ስታምጥባቸው ለመጣ ሐኪም በደስታ ይከፍላሉ። ቢሾፍቱና ሞጆ አካባቢ ሥጋ ወደ ውጭ የሚልኩ ቄራዎች የሥጋ መርማሪ ይፈልጋሉ። ላቦራቶሪ፣ ምርምር፣ ኳራንቲን፣ ማስተማር አለ። የአህያና የጋሪ ፈረስ ሕክምና ላይ የሚሠሩ በጎ አድራጎት ድርጅቶችም አሉ። ባሕር ዳር ላይ ስልኩ የታወቀ፣ ሲጠራ የሚመጣ፣ መጥቶም ለገበሬውም ለባለ ወተት ላሟም ረጋ ብሎ የሚያስረዳ ሐኪም ተርቦ አያድርም፤ ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

ውጤት አልመጣልኝም። ሌላ መንገድ አለ?

አለ። በግብርና ኮሌጆች የእንስሳት ጤና በደረጃ ይሰጣል፣ ለእኛ ቅርቡ ወረታ ነው። ከዚያ የሚወጡ ልጆች ቀበሌ ላይ ይመደባሉ፤ ክትባቱን በእግራቸው ተራራ ለተራራ የሚያዳርሱት እነሱ ናቸው። በእጅ ሥራ አዲስ ተመራቂ ዶክተርን የሚያስንቁ አሉ። ሠርተው በኋላ ወደ ዲግሪ የሚቀጥሉም አሉ፣ መስፈርቱን ከሚፈልጉት ዩኒቨርሲቲ መጠየቅ ነው።

ተመርቄ ውጭ አገር ሐኪም መሆን እችላለሁ?

ይቻላል፣ ቀላል ግን አይደለም። አሜሪካ ከሆነ ኢሲኤፍቪጂ ወይም ፔቭ የሚባለውን የውጭ ተመራቂዎች ፕሮግራም ታልፋላችሁ፣ ናቭሌ የሚባል የፈቃድ ፈተናም አለ። ብዙ ገንዘብና ዓመታት ይበላል። አብዛኛው ሰው የሚሄድበት መንገድ ማስተርስና ፒኤችዲ ነው፤ ኤፒዲሚዮሎጂና ማይክሮባዮሎጂ ላይ ጥሩ ውጤት ያለው ልጅ ዕድል ያገኛል።

አባቴ "ሰው አክም እንጂ ከብት ምን ያደርግልሃል?" ይለኛል። ምን ልበለው?

ስለ ደስታ ጠይቀው። የከብቱን በሽታ ማለቴ ነው። በ1880 ዓ.ም ገደማ በምፅዋ በኩል ገብቶ የአገሪቱን ከብት ፈጀ፣ የሚያርስ በሬ ጠፋ፣ እህል ጠፋ፣ ክፉ ቀን የተባለው ረሃብ መጣ። አያቶቹ ሳይነግሩት አይቀሩም። ያ በሽታ ዛሬ ምድር ላይ የለም። ኢትዮጵያ ከደስታ ነፃ መሆኗ በ2000 ዓ.ም ተረጋገጠ፣ ዓለም ደግሞ በ2003 ዓ.ም፤ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሰው ከምድር ያጠፋው ሁለተኛው በሽታ ነው። አፋር ላይ መኪና በማይደርስበት በረሃ፣ ሙቀት የሚችል ክትባት ተሸክመው ከብቱን የከተቡት በመንደራቸው የሠለጠኑ አርብቶ አደሮች ነበሩ፤ ያሠለጠኗቸው ቬቶች ናቸው። ከዚህ በኋላም "ሕክምና ይሻላል" ካለ፣ አባት ነውና ስሙት፣ ግን ፎርሙን የምትሞሉት እናንተ ናችሁ።

ሳልመርጠው ቬት ደረሰኝ። ልቀይር?

ከመወሰናችሁ በፊት በገበያ ቀን አቅራቢያችሁ ያለ የወረዳ የእንስሳት ክሊኒክ ሄዳችሁ ግማሽ ቀን ቁሙ። ፈቃድ ጠይቁ፣ ማንም አይከለክላችሁም፣ እንዲያውም ገመድ ያስይዟችኋል። ግማሽ ቀን ቆማችሁ ከተሰላቻችሁ የዲፓርትመንት ቅያሬ ጊዜው ሳያልፍ ጠይቁ። "እስኪ የመጨረሻዋን በግ ልይና" እያላችሁ ከሰዓት ከሆነ ግን ተመዝገቡ።

ግቢ ስገባ ምን ይዤ ልሂድ?

የትምህርት ማስረጃችሁን ዋናውንና ኮፒውን፣ ጉርድ ፎቶ በርከት አድርጋችሁ፣ አንሶላና ብርድ ልብስ፣ ለሎከር ጠንካራ ቁልፍ። ዘንዘልማ ከሆነ አጎበር ጨምሩበት። ቦት ጫማውን አሁን አትግዙ፣ ፍሬሽማን ላይ አያስፈልግም፤ ስትገዙም ካልሲ አድርጋችሁ ለኩት፣ አንድ ቁጥር ከፍ ያለው ነው የሚመቸው።